ያሸነፈው ክንድ

«ስድስት ለባዶ!» አሉ የእስከዳር አባት። ቀኝ እጃቸው የቴሌቪዥን ጌሙን ሪሞት እንደጨበጠ ጭናቸው ላይ ነበር። የእጃቸውን አንጓ ብቻ ነቅነቅ ባደረጉ ቁጥር፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ቴኒስ ተጫዋች እየዘለለ ይመታላቸዋል።

እስከዳር ቆማ አየቻቸው። «ሙሉ ሰውነት ያንቀሳቅሳል፤ ቁጭ ያለ ሰው አይጫወተውም» የተባለለትን ጌም ቢቸና ድረስ ያስመጣችው፣ ስትሮክ ያዛለውን ክንዳቸውን ያሠራልኛል ብላ ነበር።

«አባባ፣ ክንድዎን ያንሱት እንጂ።»

«ሳላነሳው ካሸነፍኩ ምን አደከመኝ?»

እስከዳር ጌሙን ልታጠፋው ስትጎነበስ ተጫዋቹ ዋንጫውን ከራሱ በላይ አንስቶ ይስቅ ነበር። አባቷ እሱን አዩ፤ የእሷንም ፊት አዩ። ከዚያ ሪሞቱን አስቀመጡና በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ላይ ገፉት።

«ይኸው» አሏት፤ «ተነሳልሽ።»