አልኮል የለመደችው ኦፓላ

በሰርታኦዚኞ ከተማ ሞተር በመፍታትና በመግጠም ጁራንዲርን የሚስተካከል አልነበረም። አገሩ የሸንኮራ አገር ነው፤ ከሸንኮራ የሚወጣው አልኮል ለመኪና ነዳጅነት ከቤንዚን ይረክሳል። መኪናውን ከቤንዚን ወደ አልኮል ማስቀየር የፈለገ ሁሉ ከሩቅ ሳይቀር የሚመጣው ወደ እሱ ጋራዥ ነበር።

ዲርሴው የክርስትና ልጁ ነው። ገና ጡት ሳይጥል አባቱ ሞቶበት፣ እናቱ ዙልሚራ ልብስ እየሰፋች ለብቻዋ አሳደገችው። በሃያ ሦስት ዓመቱ አንዲት አሮጌ ባለ ስድስት ሲሊንደር ኦፓላ መኪና ገዛና እየገፋ አምጥቶ ጋራዡ በር ላይ አቆማት።

«አባቴ፣ ይህችን ፈረስ አድርግልኝ።»

«እቺን? እቺ እኮ አህያም አልወጣትም።»

«የኦዳይርን መኪና ትቅደምልኝ እንጂ አህያም ትሁን!»

ኦዳይር ማዶ ያለው ጋራዥ ባለቤት ነው። በየዓመቱ በሐምሌው የመኪና ውድድር የሚያሸንፈው እሱ የሠራው መኪና ነበር።

ሥራው ሦስት ወር ፈጀ። ጁራንዲር የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች አሰፋ፤ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አስላጭቶ ግፊቱን ከፍ አደረገ። አልኮል በብርድ አልነሳም ስለሚል፣ ለማለዳ ማስነሻ የምትሆን ጠርሙስ የምታህል የቤንዚን ዕቃ ከኮፈኑ ሥር ገጠመ።

«ከዚች ጠርሙስ ሌላ ቤንዚን እንዳታሸታት» አለው። «አሁን ለእሷ መርዝ ነው፤ በዚህ ግፊት ያለጊዜው ፈንድቶ ሞተሩን ይሰባብረዋል።»

«በቃ ሰካራም አደረግሃት ማለት ነው» ብሎ ሳቀ ዲርሴው።

ዙልሚራ ግን አልሳቀችም። ጋራዡን አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም። ጁራንዲርን ገበያ ላይ ስታገኘው፣ «አበልጄ፣ ልጄን እሳት የምታስጨብጠው አንተ ነህ» አለችው። ከልጇም ጋር ስለ መኪናዋ አንስተው ከተጣሉ በኋላ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስሟን አላነሱም።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ዓርብ ዲርሴው መኪናዋን ወደ ቤቱ ወሰዳት። ታንኩ ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አልኮሉን እሑድ ውድድሩ ሜዳ ላይ ከበርሜል እንቀዳለን ተባባሉ።

እሑድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዲርሴው ዘግይቶ ደረሰ፤ ስሙ ተጠርቶ አልቆ ነበርና በቀጥታ ወደ መነሻው መስመር ነዳ። በጁራንዲር አጠገብ ሲያልፍ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጮኸ፦

«ታንኩን ሞልተህልኛል አይደል! ተባረክ!»

ከሞተሮቹ ጩኸት የተነሳ ጁራንዲር ቃሉን አልሰማውም፤ እየሳቀ እጁን አወዛወዘለት። የቤንዚን ሽታ አፍንጫውን ነካው። ብርድ ነው፣ የማስነሻዋ ጠርሙስ ነች፣ አለ በልቡ።

ኦፓላዋ ተስፈንጥራ ወጣች። ከመንገዱ አጋማሽ በላይ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ወዲያው ብረት በብረት ላይ የፈነዳ ድምፅ ተሰማ። ዘይቱ ጎማዋ ሥር ፈሰሰ። ተሽከርክራ ከግንቡ ጋር ተላተመች። ዲርሴው ከውስጧ ሳይወጣ ሞተ።

አስከሬኑ ሲነሳ ጁራንዲር ወደ መኪናዋ ተመለሰ። የታንኩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ አለና ደጋግሞ አሸተተ። ከዚያ ከሥሯ ተኝቶ ነዳጁን ሁሉ አፈሩ ላይ አፈሰሰው። ኦዳይር ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው? ፖሊስ ሳያያት?»

«እሳት እንዳይነሳ ነው» አለ ጁራንዲር።

ለቅሶ ቤት ዙልሚራ ፊት ተንበረከከ። «አበልጄ፣ ከዓርብ ወዲህ መኪናዋን የነካ ሰው ነበር?» አላት በሹክሹክታ።

«ማን ይነካታል? ግቢዬ ተቆልፏል፤ ያለነው እኔና እሱ ነን። ምን ልትል ነው?»

እህቷ ከጎኗ ብድግ አለች። «እዩልኝ! ሬሳው ሳይወጣ የሚያላክክበት ሰው ይፈልጋል!»

ጁራንዲር የዙልሚራን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሞተሩን አበላሽቼ ነው የገጠምኩት።» ኦዳይርም ጁራንዲር ነዳጁን ሲያፈስ ማየቱን መሰከረ። የጁራንዲር ሚስት፣ «አንተ ሞተር አበላሽተህ አታውቅም፤ ለምን አትከራከርም?» ብላ ብትለምነውም ቃሉን አልለወጠም። እስር ተፈረደበት። ጋራዡ ተዘጋ። ሲፈታ መኪናውን የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ ከቀን ሠራተኞች ጋር ሸንኮራ ለመቁረጥ ገባ። አንድ እሑድ ዙልሚራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አግኝታው ፊቱ ላይ ተፋችበት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመላት።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙልሚራ በምርኩዝ እየተደገፈች የጁራንዲርን በር አንኳኳች። ልቧ ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ አልሰጧትም። ወንበር አቀረበላት።

«ቂም ይዤ መቀበር አልፈልግም» አለችው። «ልጄን ገደልክብኝ፣ አበልጄ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ጁራንዲር የተሰነጣጠቁ እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

እሷም አለቀሰች። «አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ይበላኛል። ልጄ በመኪናዋ ነገር መታረቄን ሳያውቅ ሄደ።»

«አውቆታል፣ አበልጄ።»

«ከየት ያውቃል? ሳልነግረው ነው እኮ፤ ቅዳሜ ፀጉሩን ሊስተካከል እንደወጣ፣ በዚያ ርካሽ አልኮላችሁ እንዳይወዳደር ብዬ ውዱን ቤንዚን በሁለት ጀሪካን ተሸክሜ፣ ታንኩን በገዛ እጄ እስከ አፉ ሞላሁለት።»