ወፍራሙ መነጽር

ሐኪሙ የአሮጊቷን የዓይን ፋሻ ፈትቶ ወፍራሙን መነጽር አፍንጫቸው ላይ አስቀመጠላቸው። "የዓይንዎን ሌንስ የያዙትን ክሮች የጨመርነው ኢንዛይም ስላሟሟልን የዓይን ሞራው እንዳለ ወጥቷል፣ እማማ ዘሙሩድ" አለ። በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ታዩዋቸው።

ፋሻው እስኪፈታ ሲጠብቅ የቆየው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ፎቶግራፍ ደቀነባቸው። "የምንፈልገው ይሄንን ነው። ልጅሽ ነው?"

ፎቶግራፉ ላይ ልጁ የለበሰውን ሹራብ የሠሩት ራሳቸው ነበሩ፤ አንገቱ ጋ ያበላሹትን ቦታ እንኳ አዩት። "ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ" አሉ።

"ሞራው ወጥቶም ዓይኑ የማይበራበት ጊዜ አለ" አለ ሐኪሙ ቀና ሳይል።

"እንግዲያው ሂጂ" አለና ጥበቃው ቦት ጫማውን መንገዳቸው ላይ ዘረጋ። ጫማው ላይ የደረቀው የሰፈራቸው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጭቃ ሳይቀር ታያቸው። በእጃቸው በሩን እየዳበሱ፣ እርምጃቸውን ሳያሳጥሩ ሄዱበትና ከነመነጽራቸው በግንባራቸው ተደፉ።