ቅርፊት የዋጠው ሽቦ

አያት ያን ቁመቱ ከሁለት ስንዝር የማይበልጥ፣ አበባ የሚያወጣ ዛፍ፣ በጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ እየከረከሙ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው ያሳደጉት። ቅርንጫፉ ጎንበስ እንዲል የመዳብ ሽቦ ጠምጥመውበት ነበር። ሽቦው ቅርንጫፉ ሳይወፍር መነሳት ነበረበት፤ እሳቸው ግን ጉንፋን ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላቸውና ረሱት። ዛሬ ቢያዩት ቅርፊቱ ሽቦውን ውጦታል።

«አይ የኔ ነገር!» አሉና አንዱን ጥምጥም በፒንሳ ቀጭ አደረጉት።

«አያቴ፣ እጄን!» ብላ የልጅ ልጃቸው ከሳሎን ጮኸች።

ደንግጠው ሮጡ። የልጅቷን ክንድ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቀይ ሰንበር ዞሮታል።

«ሽፍታ ነው እማዬ» አለች እዚያው የተቀመጠችው የልጅቷ እናት ከስልኳ ቀና ሳትል። «አንቺ ደግሞ ዝንብ ባረፈባት ቁጥር ሐኪም ጥሩ ትያለሽ!»

አያት ወደ ዛፉ ተመለሱ። ሽቦው ካልወጣ ጠልቆ ጠልቆ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል። እንደፈሩ ሁለተኛውን ጥምጥም በጥፍራቸው ጫፍ ብቻ ነካ አደረጉት።

ልጅቷ እንደገና ጮኸች።

ሄደው እጅጌዋን ሰበሰቡላት። ሰንበሩ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ደም ግን የለውም። ከቆዳዋ ሥር መዳብ ያብለጨልጫል።

«አውጪልኝ አያቴ» አለች ልጅቷ፣ «እየጠለቀ ነው።»