የማስቲካው ቡሽ

ዝናብ ከቀረ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ውሃ የሚታደለን በኩባያ ነው። ጎመንም ያለ አፈር፣ በረንዳ ላይ በበርሜል ውሃ ነው የምናበቅለው። እኔ ከበርሜሌ ጎን ውስጡ የሚታይ ቱቦ ገጥሜ ቀይ ቡሽ ጨመርኩበት፤ ውሃው ሲሞላ ቡሹ ከፍ ይላል። ጎረቤት ሁሉ ቡሹን እያየ «እስቲ አንድ ኩባያ» ማለት ሲያበዛ፣ ቡሹን ታች ላይ በማስቲካ አጣበቅኩት።

በማግስቱ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደባልቄ ጎረቤቱን አስከትለው መጡ። ሁሉም ከድርሻቸው የቆጠቡትን ኩባያ ውሃ ይዘዋል።

«ዘርፌ፣ እኛ እያለንማ ጎመንሽ አይደርቅም» አሉኝ።

«ኧረ ተዉ» ብል ማን ሰምቶኝ፤ ይሉኝታ መሰላቸው። በሦስተኛው ኩባያ በርሜሉ ሞልቶ ጋሽ ደባልቄ ጫማ ውስጥ ፈሰሰ።

ቡሹን አዩት። አሁንም ታች ነው።

ጫማቸውን አወለቁ፤ የገባበትን ውሃ ጠብ ሳያደርጉ ወደ ኩባያቸው መለሱና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠጡት።