ሶፍት የምትበላዋ መኪና

ሾፌሩ የጭነት መኪናው ላይ ተጨማሪ የዘይት ማጣሪያ ሲያስገጥም ሚስቱን አላማከረም። የመጀመሪያ ጥፋቱ ይኼ ነው።

ማጣሪያው ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። ክዳን ያለው ወፍራም የብረት ጣሳ ነው። የሞተር ዘይት በቀጭን ቱቦ ትንሽ በትንሹ ይገባበትና ተጣርቶ ወደ ቋቱ ይመለሳል። ዋናው ማጣሪያ የሚያሳልፈውን ጥላሸት ይኼኛው አንቆ ያስቀራል። መካኒኩ ከኮፈኑ ስር አስሮ ሲጨርስ እጁን እየጠረገ፣

«ውስጡ የሚገባው ሶፍት ነው» አለው።

«የምን ሶፍት?»

«የመጸዳጃ ቤት ነዋ! ጥቅሉን እንዳለ ትከተዋለህ። ሲጠቁር አውጥተህ ሌላ ትተካለህ።»

ሾፌሩ የተቀለደበት መስሎት ነበር። ከአንድ ረጅም ጉዞ በኋላ ግን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቢመዘው፣ ያ ሬንጅ የሚመስል ዘይት ማር መስሏል። በደስታ የሚሆነውን አጣ። ሞተሩ አርጅቷል፤ እሱ ከቆመ የቤቱ ገቢም አብሮ ይቆማል፤ አዲስ ሞተር ደግሞ በሕልምም የሚታሰብ አይደለም። ዘንጉን እንደያዘ ወደ ቤት ሮጠ።

«እዪውማ!» አላት ሚስቱን።

«ምንጣፌ ላይ አንጠባጠብክ» አለችው።

አማቱም ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ዱቄት የነካው ትልቅ ዘንቢላቸውን ከበሩ ጀርባ ያስቀምጡና ውሃ ቀጠነ እያሉ አማቻቸውን ሲተቹ ይውላሉ። የሶፍቱን ነገር ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«መኪናህ ተቅማጥ ይዟታል እንዴ? የእኔ የወፍጮ ሞተር ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ሶፍት አጉርሼው አላውቅም!»

«እማማ፣ ብዙ አይፈጅም እኮ። አንዱ ጥቅል ስንት መንገድ ያስኬደኛል።»

«እስኪ እንዴት ነው የሚያጠራው?» አሉ እየሳቁ።

ሾፌሩ የዋህ ነው። ከልባቸው የጠየቁት መስሎት ውጭ ድረስ ወስዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቱቦውን አንድ በአንድ እያሳየ አስረዳቸው። ማን እንደሠራለትም ጠየቁት።

ሲነግራቸው፣ «የጠየቅኩህ በደጁ እንዳላልፍ ነው» አሉ።

ሶፍት መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥቅል፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ እሽግ። አንድ እሁድ ጠዋት ሚስትየዋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆና ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

«ሶፍቱ የታለ?»

«እኔ አልነካሁም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ጣውንቴን ስታጎርሳት ነዋ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም ጣውንት ሆኖ ቀረ። ሾፌሩ ማለ፣ ተገዘተ። ንጽሕናውን ላስመስክር ብሎም ማጣሪያውን ፊቷ ከፈተው። ያስገባው የመጀመሪያው ጥቅል ራሱ ጠቁሮ ተቀምጧል።

«ይኸው! እጅ ከፍንጅ!» አለች።

ቸገረው። ራሱ አንድ ጥቅል ገዝቶ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠ። ሚስቱ አገኘችውና የሰረቀውን መደበቂያ እንዳወቀችበት ነገረችው።

እሷም መደበቅ ጀመረች። አንድ ሳምንት ቁምሳጥን አናት ላይ፣ አንድ ሳምንት አልጋ ስር፣ አንድ ሳምንት የክረምት ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ። ሶፍቱ ግን እየጠፋ ነው።

«አፍንጫው የውሻ ነው፣ እማዬ» አለች ለእናቷ። «ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለውን እንኳ አሸተተው!»

«እኔስ ቀድሞም ነግሬሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ እናቷ አዝነው።

በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። በእንቅልፍ ልቡ እየተነሳ ይሆን? ጠዋት ጠዋት እጁን ያሸታል። ሁልጊዜም ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ሾፌር ነውና።

ሚስትየዋ ቆረጠች።

«ወይ እሱ ጣሳ ይነቀላል፣ ወይ ጋቢናህ ውስጥ ታድራለህ። ምረጥ።»

መምረጥ ከበደው። ሞተሩ ዳግመኛ ሬንጅ እየጠጣ ሲሞት ታየው። ሚስቱን ግን ይወዳታል፤ ኩርፊያዋን ደግሞ አንድ ሳምንት እንኳ አይችለውም። «ይነቀላል» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ለመንቀል ወጡ። ሚስትየዋ እጇን አጣምራ ቆመች። አማቱ ነገሩን በዓይናቸው ለማየት በርጩማ አስወጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሾፌሩ መፍቻዎቹን መሬት ላይ ዘረጋ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

መጀመሪያ ውስጡን ባዶ ለማድረግ ሊከፍተው ቢሞክር ክዳኑ እምቢ አለ። መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ ስለቆመች ብረቱ ቀዝቅዟል፤ ሾፌሩም ክዳኑን ከፍቶት የሚያውቀው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በመፍቻ ታገለ። በጨርቅ ይዞ ታገለ። መዶሻ አነሳና መታው፤ ደግሞ መታው።

«ምን ትንቀራፈፋለህ?» አለች ሚስቱ። «ሆን ብለህ ነው አይደል? እንዳይነቀል ፈልገህ ነው!»

«ኧረ በፈጠረሽ! እምቢ ብሎኝ ነው!»

መዶሻውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ አማቱ ከበርጩማው ብድግ አሉ፤ መጥተውም ከእጁ ነጠቁት።

«ተው አትቀጥቅጠው፣ የክዳኑ ክር ይበላሻል! ሞተሩን አስነስተህ ትንሽ አሙቀውና አጥፋው፣ ያኔ በእጅህ ይዞርልሃል፤ የወፍጮዬም ጣሳ እስክለምደው ድረስ እንዲሁ ነበር ያንገላታኝ።»