በፈቃዴ ለቅቄያለሁ

«አልፈርምም!» ብላ ኦሪሊያ ወረቀቱን በፖሊሱ ደረት ላይ መልሳ ለጠፈችው።

ጀልባዋ ከእንጨቱ መሳፈሪያ ጋር እየተላተመች ነው። አውሎ ነፋሱ ማታ ይደርሳል ተብሏል። ገና ረፋድ ቢሆንም ሰማዩ እንደ አሮጌ ብረት ድስት ጠቁሯል። ከኋላዋ መንደርተኛው በሙሉ፣ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ፍራሹንና ዶሮውን ተሸክሞ ተሰልፏል። በእያንዳንዱ እጅ ያችው ወረቀት አለች።

«እትዬ ኦሪሊያ፣ እባክዎ» አለ ፖሊሱ ቴልፎርድ። ቆቡን ይድፋ እንጂ የዚሁ መንደር ልጅ ነው። «ሳይፈርሙ ማሳፈር አልችልም። ትእዛዝ ነው።»

«ማን ልሳፈር አለህ? ላምበርትን ላሳፍር ነው የመጣሁት። እኔ ወደ ቤቴ ነኝ።»

ባሏ ላምበርት ከጎኗ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። ሳንባው ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነው። ያለ መተንፈሻ መሣሪያው አያድርም፤ መሣሪያው ያለ መብራት አይሠራም፤ የደሴቲቱ መብራት ደግሞ ነፋስ ገና ሲያስነጥስ ነው የሚጠፋው።

«አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም» አላት።

«ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ።»

«ለማን ብዬ ነው የምቆጥበው?»

ዓይኗ ከወረቀቱ ሦስተኛ መስመር ላይ አልተነሳም፦ «የያዝኩትን ቤትና መሬት በፈቃዴ ለቅቄያለሁ።»

ኦሪሊያ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንደሩ ፖስታ ቤት ሠርታለች። ማንበብ ለማይችለው ስታነብ፣ መጻፍ ለማይችለው ስትጽፍ ነው ያረጀችው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ያኛው አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት ግን፣ ይህችኑ መስመር ሳታነባት ፈረመች። «ፈርሙ፣ ምንም የለበትም» ብላ ጎረቤቶቿንም ያስፈረመች እሷው ናት።

ለሦስት ቀን ነው ተብለው ነበር የሄዱት። በትልቁ ደሴት በትምህርት ቤት ወለል ላይ ስምንት ወር ተኙ። ሲመለሱ ከቅድመ አያት ጀምሮ የሁሉም የነበረው፣ ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማይገዛው የፍየል ማሰማሪያ በሽቦ ታጥሮ ቆያቸው። ባሕሩ ዳር ሆቴል ተጀምሯል። የማታውቀው ጥበቃ «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ያስቆማት እትብቷ የተቀበረበት ቦታ ላይ ነበር። አቤት ስትል የገዛ ፊርማዋን አውጥተው አሳዩዋት።

«ይህን የጻፈው ሰው» አለች አሁን፣ «የቤቱ ጣራ ሲነቀል አይቶ ያውቃል?»

«እኔ አልጻፍኩትም፣ እትዬ።»

«አልጻፍከውም፤ ታስፈርማለህ! እናትህስ ፈርማ አይደል ፍየሎቿን የምታሰማራበት ያጣችው?»

ከሰልፉ ውስጥ የሎብስተር አጥማጁ ክሊዮፋስ ጮኸ። «እትዬ፣ ነፋሱ ፊርማ አይጠብቅም! ከነልጆቻችን ሊያስጨርሱን ነው?»

ዞረችበት። «ክሊዮፋስ፣ ሦስተኛዋን መስመር አንብባት እስቲ። ጮክ ብለህ።»

ክሊዮፋስ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ አቀረበ። አነበበ። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለሁሉም እንዲሰማ።

«ወይ ጉድ!» አለ። «አሁንም ያችው ናት?»

ቴልፎርድ ከኪሱ ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ አወጣ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እሺ፣ ይቅሩ። ግን ክንድዎን ይስጡኝ። የሚቀር ሰው ስሙ ክንዱ ላይ ይጻፋል ተብሏል።»

«ለምን?»

«ኋላ… ማን እንደሆነ እንዲታወቅ።»

ኦሪሊያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችለት። እልኋ ዓይኗን ጋርዶታል። ያን ጊዜ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች። ላምበርት መደገፊያውን ጨብጦ ቆሟል። የከሳ ክንዱን ከሷ ክንድ አጠገብ ዘረጋ።

«የኔንም ጻፍ» አለው ፖሊሱን፣ በየቃሉ እየተነፈሰ። «ከሷ ስም ቀጥሎ።»

ኦሪሊያ የሁለቱን ክንድ አየች። አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ የሱን እንዲህ ቀጥኖ አይታው አታውቅም። እስክሪብቶውን ከቴልፎርድ እጅ ነጠቀችው።

«ተቀመጥ፣ አንተ ሰው!» ብላ ባሏን አስቀመጠች። ወረቀቱንም ከቴልፎርድ ወስዳ የባሏ ጉልበት ላይ ዘርግታ ሦስተኛዋን መስመር በጥቁሩ ቀለም እስክትጠፋ ደመሰሰቻት። ከላይዋ ጻፈች፦ «ነፋሱ እስኪያልፍ ነው። እመለሳለሁ።» ፈረመች።

«አሁን አሳፍረኝ።»

«ይህን አይቀበሉኝም፣ እትዬ።»

«ቤቴን የምለቀው ለነፋስ ነው፣ ለሰው አይደለም። ካልተቀበሉህ ና፣ የሁለት መቶ ሰው ክንድ ላይ ጻፍና ጥለኸን ሂድ።»

የጀልባዋ ጡሩምባ ጮኸ። ቴልፎርድ ባሕሩን አየ፣ ሰልፉን አየ። በሰልፉ መካከል እናቱ ዓይኗን ተክላበታለች። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ጎን ቆመ።

«እስክሪብቶዋን ወዲህ በሉ!» አለ ክሊዮፋስ።

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል። በመሳፈሪያው ላይ ጠረጴዛ የለ፣ ደረቅ እንጨት የለ።

«እትዬ፣ ጀርባዎን ያውሱኝ።»

ኦሪሊያ የላምበርትን ወንበር ይዛ ጎንበስ አለች። በስሱ ቀሚሷ በኩል የክሊዮፋስ እስክሪብቶ ሲጫናት ተሰማት። መጻፍ ከተወ የቆየ ሰው እጅ ነው፤ እየቆመ፣ እያሰበ፣ አንድ በአንድ። እ… መ… ለ…

«ጫን አድርገህ ጻፍ» አለችው።