ከሲባጎው ወዲያ

ምራቲቱ ሲባጎውን ወዲያና ወዲህ እየተሻገረች የባቄላውን ቅጠል ገለባብጣ አየች። ልዩነት የለውም። ኖራ የጠገበውም ኖራ ያልቀመሰውም እኩል ወገብ ደርሶ፣ እኩል ለምልሟል።

«ጉድ ፈላ» አለች በልቧ።

የጠራቻቸው ጎረቤቶች ከአጥሩ በር ላይ ሆነው የጫማቸውን ጭቃ እያራገፉ ነው። አፈራችን ኮምጥጧል፣ ሰብሉን የሚያቀጭጨው እሱ ነው፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው እያለች ስትወተውታቸው ከርማ፣ «ኑና በዓይናችሁ እዩ» ያለቻቸው እሷው ናት። ማሳውን በሲባጎ ለሁለት ከፍላ፣ ለመዝራት ሁለት ወር ሲቀር የራሷን ወገን ኖራ ነስንሳ ከአፈሩ ጋር አዋሕዳዋለች። የወዲያኛው ወገን የአማቷ ነው። እሳቸው ግን «ኖራ ለግድግዳ ነው፤ መሬቴን ቀለም አልቀባም» ብለው እንቢኝ አሉ።

አሁን ከባቄላቸው መሀል ቆመው ደመና ያያሉ።

«እማማ፣ የእርስዎ ወገን እንዴት እንዲህ አማረበት?»

«እጄ ነዋ። የነካሁት ሁሉ ይጸድቃል።»

«አምናም የዘሩት በዚሁ እጅዎ ነው። ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ።»

አማትየው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወደ በሩ ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገበያ የሄድሽ ለት የተረፈውን ጆንያ ኖራ ወስጄ ነሰነስኩት። ምን ላድርግ ልጄ? አንዱ ጠግቦ ሌላው ሲራብ ማየት ሆዴ አልችል አለ።»

«ታዲያ ምናለ ቢነግሩኝ?»

«ያን ሁሉ ተናግሬ? በምን አፌ?»

ምራቲቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት። «ጉድ ሠሩኝ እኮ። ለሰዎቹ ምን ላሳያቸው ነው?»

አማትየው ክንዷን ይዘው ወደ ማሳው ጥግ ወሰዷት። እዚያ፣ አንድ አልጋ በሚያህል ቦታ ላይ፣ ባቄላው ከስንዝር ሳያልፍ ገርጥቶ ቆሟል።

«እዚህ ስደርስ አለቀብኝ» አሉ።

ጎረቤቶቹ ደረሱ። ከፊት የነበረው አናጢ ቢጫውን አየ፣ አጠገቡ የተንዠረገገውን አየ፣ እንደገና ወደ ቢጫው ተመለሰ።

«ይሄኛውን ደግሞ ምን ነካው?»

«እሱማ» አሉ አማትየው ዓይናቸውን ሳያሹ፣ «እናንተ እንድታዩት ብለን፣ እኔና ምራቴ ሆን ብለን የተውነው ነው።»

ምራቲቱ አረም የምትነቅል መስላ ባቄላው ውስጥ ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።